አልሞቅ ያለ ካውያ

ልጆች ሆይ፤ ውኃ በጠባብ ቦይ ሲያልፍ እንደሚታገድ፥ ኤሌክትሪክንም በሽቦ ውስጥ የሚያግደው ነገር አለ፤ ሬዚስታንስ ይባላል። መስፈሪያውም ኦም ነው፤ ሕጉን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1827 ዓመት ባሳተመው በጀርመናዊው መምህር በጌኦርግ ኦም ስም ተጠርቷል።

ካውያ አልሞቅ ባለ ጊዜ ባለሙያ ቴስተር በሚባል የእጅ መሣሪያ ይመረምረዋል። አስቀድሞ ግን ስፒናውን ከሶኬት ይነቅላል። ማብሪያውን ማጥፋት አይበቃም፤ እኔስ የተነቀለውን በዓይኔ ካላየሁ አልነካም። መሣሪያው ከራሱ ባትሪ ጥቂት ኤሌክትሪክ እየላከ ይለካልና፥ ሌላ ኤሌክትሪክ ቢመጣበት ቁጥሩ ይሳሳታል፤ መሣሪያው ሊቃጠል፥ ሰውም ሊሞት ይችላል።

ከዚያም የመሣሪያውን ሁለት ጫፎች እርስ በርስ ያነካካል፤ ቁጥሩ ወደ 0 ቢጠጋ መሣሪያው ደኅና ነው። የካውያውን የሙቀት መዘውር ከፍቶ ጫፎቹን በስፒናው ሁለት ጥርሶች ላይ ያኖራል። ብረታቸውን በጣቱ አይዝም፤ የገላው ሬዚስታንስ ከቁጥሩ ይገባልና። በ220 ቮልት የሚሠራ የ1000 ዋት ካውያ 48 ኦም ገደማ ያሳያል። ሽቦው ተበጥሶ እንደ ሆነ ግን ቁጥር አይወጣም።

በመጨረሻ አንዱን ጫፍ በዚያው ጥርስ ላይ ትቶ ሁለተኛውን በካውያው ብረት ላይ ያደርጋል። በዚህ ጊዜ ቁጥር ቢታይ፥ ካውያው የሚሞቅ እንኳ ቢሆን ሳይጠገን ወደ ሶኬት አይመለስም።