መዝሙር በመካከለኛ ሞገድ

በራዲዮ የሚተላለፍ መዝሙር ከዘማሪው አፍ ወጥቶ አድማጩ ጆሮ እስኪደርስ ድረስ የሚቀርበት ነገር አለ፤ የሚተርፈውም አለ። በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህንኑ ለማስረዳት እንሞክራለን። ለምሳሌ የምንወስደው በአዲስ አበባ የነበረውን የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያ ነው።

ይህ ጣቢያ በሉተራን የዓለም ፌዴሬሽን ተቋቁሞ በየካቲት ወር 1955 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተመርቆ ተከፈተ። እያንዳንዳቸው 100 ኪሎ ዋት ኃይል የነበራቸው ሁለት የአጭር ሞገድ ማሠራጫዎች ወደ አፍሪካና ወደ እስያ አገሮች ያስተላልፉ ነበር፤ ለአዲስ አበባና ለአካባቢዋ ግን መካከለኛ ሞገድ ነበረው። ምክንያቱን መረዳት አያስቸግርም። አጭር ሞገድ ወደ ሰማይ ወጥቶ በላይኛው አየር ካለው የኤሌክትሪክ ንብርብር ነጥሮ ሩቅ አገር ሲያርፍ ቅርቡን ይዘለዋል፤ መካከለኛው ግን ቀን ቀን መሬቱን ተከትሎ ስለሚሄድ ለጎረቤት ይስማማል። ፀሐይ ስትጠልቅ ሞገዱን የሚውጠው የታችኛው ንብርብር ስለሚጠፋ፥ መካከለኛውም ከሰማይ መንጠር ይጀምራል፤ በዚህ ጊዜ የሩቅ ጣቢያዎች ድምፅ ይቀላቀልበታል።

ወደ መዝሙሩ ስንመጣ፥ ኤ ኤም በሚባለው አሠራር የሞገዱ ቁመት እንደ ዘማሪው ድምፅ ከፍና ዝቅ ይላል። መብረቅና የኤሌክትሪክ ብልጭታም በዚሁ ቁመት ላይ ስለሚጨመሩ ራዲዮው ይንኮሻኮሻል። ከዚህም በላይ ዛሬ በአፍሪካ የመካከለኛ ሞገድ መስመሮች የሚራራቁት በ9 ኪሎ ኸርዝ ብቻ ስለሆነ፥ በሰከንድ ከ4,500 ጊዜ ያህል በላይ የሚርገበገብ ቀጭን ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ይቆረጣል። ስለዚህ የጸናጽሉ ቅጭልታ ይደበዝዛል፤ ትንሽ ራዲዮ ደግሞ የከበሮውን ወፍራም ድምፅ አያወጣም። የሰው ድምፅ ዋና ክፍል ግን ከዚህ በታች ስለሆነ ቃሉ ይሰማል። እንግዲህ ለእንዲህ ያለ ጣቢያ መዝሙር የሚያዘጋጅ ሰው መሣሪያ ከማብዛት ይልቅ ቃሉ ጥርት ብሎ እንዲወጣ ቢጥር ይበጀዋል።

በመጋቢት ወር 1969 ዓ.ም. ወታደራዊው መንግሥት ጣቢያውን ወረሰ፤ ስሙም የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ተባለ። ማሠራጫ የሚሸከመውን አይመርጥምና፥ መዝሙር በተሸከመበት ኃይል ሌላውን ተሸከመ። አድማጩ ግጥሙን አጥርቶ ሰምቶ በቃሉ የያዘው መዝሙር ግን ከማሠራጫው ጋር አልተወረሰም።