ስደተኛው ሠራተኛ ሲወጣ የአገሬው ደመወዝ ከፍ ይላልን?

በበለጸጉት አገሮች ኑሮ በከበደ ቁጥር ከፖለቲካ መድረኮች አንድ ክስ ይሰማል፤ «ሥራችሁን የነጠቀው፣ ደመወዛችሁን ያሳነሰው ከውጭ የመጣው ነው» የሚል። ልጁን፣ ወንድሙን ወይም እኅቱን ወደ ባሕር ማዶ የሸኘ አንባቢያችን ይህን ክስ እንደ ሩቅ ወሬ ሰምቶ ሊያልፈው አይችልም። በመሆኑም በስሜት ሳይሆን በተጨባጭ ማስረጃ ልንመረምረው ይገባናል። ለዚህም የአሜሪካ እርሻ ታሪክ ጥሩ ምስክር ይሆነናል።

እ.ኤ.አ. በ1942 ጦርነቱ የሰው ጉልበት በመሻማቱ የአሜሪካና የሜክሲኮ መንግሥታት «ብራሴሮ» በመባል የሚታወቀውን ስምምነት ተፈራረሙ። ጦርነቱ ቢያበቃም ስምምነቱ እስከ 1964 ዘለቀ፤ ከ4 ሚሊዮን በላይ የሥራ ውሎችም ተፈረሙበት። የሜክሲኮው ሠራተኛ ከአንድ ቀጣሪ ጋር በውል የታሰረ ስለነበር የተሻለ ከፋይ መርጦ መሄድ አይችልም፤ ቢያጉረመርም ወደ አገሩ የመመለስ ዕጣ ይጠብቀዋል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከደመወዙ 10 በመቶ እየተቆረጠ በአገሩ ባንክ ይቀመጥልሃል ቢባልም ብዙዎች ገንዘቡ ሳይደርሳቸው ቀርቷል።

የአገሬው የእርሻ ሠራተኛ ቅሬታም መሠረተ ቢስ አልነበረም። አድማ ሲመታ ባለእርሻዎች ብራሴሮዎችን በቦታው የሚተኩበት ጊዜ ነበርና። የሠራተኛ ማኅበራት ባደረጉት ግፊት ስምምነቱ ሲቋረጥ «አሁንስ ደመወዝ ያድጋል» ያሉ ጥቂቶች አልነበሩም።

ውጤቱ ግን ምን ሆነ? ክሌመንስ፣ ሉዊስና ፖስቴል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት ብራሴሮዎች በብዛት ይሠሩባቸው የነበሩትን ግዛቶች ጨርሶ ካልነበሩባቸው ጋር አነጻጽረዋል። ደመወዝ በሁለቱም ወገን ተመሳሳይ አካሄድ ነበረው፤ የሜክሲኮዎቹ መውጣት ለአገሬው ያስገኘው ጭማሪ አልታየም። ባለእርሻው ደመወዝ ጨምሮ የአገሩን ሰው ከመቅጠር ይልቅ ማሽን ገዛ፤ ማሽን ያልተሠራለትን ሰብልም ቀነሰ። በካሊፎርኒያ ለፋብሪካ የሚውለው ቲማቲም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሞላ ጎደል በማሽን የሚለቀም ሆነ።

ታዲያ ደመወዝን ያሳደገው ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1965 በካሊፎርኒያ ዴላኖ ከተማ የፊሊፒንስ ተወላጅ የሆኑ ወይን ለቃሚዎች በሰዓት 1.40 ዶላር እንዲከፈላቸው ጠይቀው አድማ መቱ። ባለእርሻዎች አንዱን ወገን በሌላው ላይ እያስነሡ አድማ መስበር የለመዱ ነበሩ። በዚህ ጊዜ ግን በሴዛር ቻቬዝ የሚመራው፣ አባላቱ በአብዛኛው የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ማኅበር ከስምንት ቀን በኋላ ከጎናቸው ተሰለፈ። አምስት ዓመት ያህል ታግለው በ1970 ባለእርሻዎቹን የኅብረት ስምምነት አስፈረሙ። የብራሴሮ ሥርዓት መቅረት ለአድማው መንገድ ሳይጠርግ አልቀረም፤ ጭማሪውን ያስገኘው ግን በአንድነት መደራጀቱ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይኸው ነው።

ይህን ስንል ስደት የማንንም ኪስ አይነካም ማለታችን አይደለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ሰፊ ሪፖርት እንዳመለከቱት፣ ስደት በጠቅላላው ደመወዝ ላይ በረጅም ጊዜ የሚያሳድረው ተጽዕኖ በጣም አነስተኛ ነው። ጉዳት በሚታይበት ጊዜ በይበልጥ የሚያርፈው ቀድመው በመጡት ስደተኞችና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ባላጠናቀቁት የአገሬው ተወላጆች ላይ ነው። ማለትም ሸክሙ የሚወድቀው ቀድሞውኑ ትከሻው በጎበጠው ላይ ሲሆን፣ ትርፉ በአንጻሩ ጉልበት በርካሽ ለሚገዛው ይደርሳል።

እንግዲህ ሠራተኛው ሊጠይቅ የሚገባው «ማን መጣ?» ብሎ ብቻ ሳይሆን «የመጣው በምን ዓይነት ውል ይሠራል?» ብሎም ነው። መብቱ የታሰረ ሠራተኛ ሳይወድ በባልደረባው ላይ መሣሪያ ይሆናል፤ ቀጣሪውን ትቶ መሄድ፣ መደራጀትና እኩል ክፍያ መጠየቅ የሚችል ግን አጋሩ ነው። የስደተኛው ውል በተፈታ መጠን የአገሬው ደመወዝም አስተማማኝ ጠባቂ ያገኛል።