የጧቱ ስብሰባ ሒሳብ የሚሠራው በዋዜማው ነው

አዲስ አበባ ያለ አንድ ዋና መሥሪያ ቤት ሰኞ ጧት በ2፡30 ሰዓት ስብሰባ ሲጠራ፣ ፒያሳ የሚኖረው ሠራተኛ ታክሲ ይይዛል፤ የቃሊቲው ትንሽ ቀደም ብሎ ይነሣል። የደብረ ማርቆስ ቅርንጫፍ ሠራተኛ ግን ቅዳሜ ማታ ሻንጣውን አዘጋጅቶ፣ እሑድ ጎሕ ሲቀድ ከቤቱ መውጣት አለበት። የጥሪው ደብዳቤ ለሦስቱም አንድ ነው። ዋጋው ግን ለየቅል ነው።

ተጠሪው በወሩ የተቀጠረ አዲስ ሠራተኛ ከሆነ ነገሩ ይብስበታል። የመጀመሪያ ደመወዙን ገና አልተቀበለም፤ የመሥሪያ ቤቱ መታወቂያ አልወጣለትም፤ ከገንዘብ ያዡ ጋር አልተዋወቀም። አለቆቹ ፊቱን የሚያዩት በዚያ ስብሰባ ነው። ሰዓት አሳልፎ ቢገባ ማንም «አባይን ተሻግሮ የመጣ ነው» ብሎ አያስብለትም፤ «አርፋጅ ነው» ይባላል እንጂ።

ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከባሕር ዳር ደግሞ 265 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። መኻል ላይ ያለች ከተማ ለሁለቱም ቅርብ ትመስላለች፤ ለጧት ስብሰባ ግን ከሁለቱም የራቀች ናት። የጎጃም ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን ባለጉዳይ ወደ እርሷ ይመጣ ነበር። ዛሬ የምሥራቅ ጎጃም ዞን መቀመጫ ብትሆንም የክልሉ ቢሮዎች ባሕር ዳር፣ የባንኩና የመድን ድርጅቱ ዋና መሥሪያ ቤቶች አዲስ አበባ ናቸው። ስለዚህ ከተማዋ ተጠሪ እንጂ ጠሪ አይደለችም።

ሒሳቡን በኪሎ ሜትር ብቻ የሚሠራ ሰው ይሳሳታል። ከደብረ ማርቆስ በሉማሜ በኩል እስከ ደጀን ያለው መንገድ ሜዳማ ነው፤ ጤፉን እያዩ ይነጉዱበታል። ከደጀን በኋላ ግን የአባይ በረሃ ይጀምራል። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ጠመዝማዛ፣ መኪናውን ከ1,300 ሜትር በላይ አውርዶ መልሶ ያወጣዋል። ደብረ ማርቆስ ጋቢ ለብሶ የተሳፈረ ሰው ድልድዩ ሲደርስ ኮቱን ያወልቃል፤ ጎሐ ጽዮን ሲወጣ ደግሞ ፈልጎ ይለብሰዋል። በጃፓን መንግሥት ዕርዳታ የተሠራውና በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀው 303 ሜትር ርዝመት ያለው የሕዳሴ ድልድይ ወንዙን መሻገሩን አቅልሎታል። ቁልቁለቱና ዳገቱ ግን ዛሬም እዚያው ናቸው። መሬቱም የሚንሸራተት ነው፤ ለዚሁ ሲባል የጃፓን ባለሙያዎች ሸለቆውን ለብቻ እስከማጥናት ደርሰዋል። አንድ ተሳቢ ያለው መኪና ጠመዝማዛው ላይ ከቆመ ከኋላው ያለው ሁሉ ይቆማል፤ በክረምት ደግሞ ጭጋጉ ይጨመርበታል።

በዚህ መንገድ በአማካይ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር መሄድ ከተቻለ 300ው ኪሎ ሜትር ስድስት ሰዓት ይፈጃል። ከንጋቱ 12 ሰዓት የተነሣ ሰው፣ ሁሉ ነገር ከሰመረለት፣ ቀን 6 ሰዓት ላይ ይገባል ማለት ነው። ለ2፡30 ስብሰባ በዕለቱ ልድረስ የሚል ሰው ከሌሊቱ 8፡30 ላይ መነሣት ይኖርበታል፤ አባይ በረሃን በጨለማ ሊወርድ ነው። ይህን ለማንም መምከር አይቻልም። እናም ምርጫው አንድ ብቻ ነው፤ በዋዜማው ገብቶ ማደር።

መመለሻውም ያው ነው። ስብሰባው ረፋዱ 4፡30 ላይ ቢበተን እንኳ የአገር አቋራጭ አውቶቡሶቹ በንጋት ወጥተው ሄደዋል። ከቀትር በኋላ ተነሥቶ አባይ በረሃ ላይ መምሸት አይታሰብም። ስለዚህ ሁለተኛ ሌሊት አዲስ አበባ ይታደራል፤ ጉዞው ማክሰኞ ይሆናል። የሁለት ሰዓት ስብሰባ ሦስት ቀንና ሁለት ሌሊት ፈጀ ማለት ነው። ይህን ስሌት ስብሰባውን የጠራው ኃላፊ መቼም አስቦት አያውቅም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በብር ሲመነዘርስ? በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የተለመደው የውሎ አበል አከፋፈል ለቁርስ 10፣ ለምሳ 25፣ ለእራት 25፣ ለመኝታ 40 በመቶ ነው። እሑድ ቁርሱን ቤቱ በልቶ የወጣ ተጓዥ የዕለቱን 90 በመቶ፣ ሰኞ መቶውን በመቶ፣ ማክሰኞ ደግሞ ቁርስና ምሳውን ማለትም 35 በመቶ ይወስዳል። ተደምሮ 225 በመቶ፤ የሁለት ቀን ከሩብ አበል መሆኑ ነው። ከዚህ ውስጥ 80ው የአልጋ ነው። የአዲስ አበባ አልጋ ዋጋ ግን አበሉ ይብቃ አይብቃ አይጠይቅም። መኝታው ከተመደበለት ካለፈ ልዩነቱ የሚወጣው ከምሳና ከእራቱ ነው፤ አዲሱ ሠራተኛ በሽሮ ያብቃቃዋል።

የነዳጅ ዋጋ ደግሞ ትራንስፖርቱን ያዝ አድርጎታል። በሰኔ 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ድጎማው በደረጃ መነሣት ሲጀምር በአዲስ አበባ አንድ ሊትር ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሳንቲም፣ ናፍጣ 49 ብር ከ02 ሳንቲም ነበር። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ቤንዚኑ 101 ብር ከ47፣ ናፍጣው 98 ብር ከ98 ሳንቲም ገባ። በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ከእጥፍ በላይ ወይም እጥፍ መሆኑ ነው። በእነዚሁ ዓመታት የውሎ አበላቸውን ልክ ሳይነኩ የቆዩ ድርጅቶች ልዩነቱን ከሠራተኛው ኪስ ወስደዋል ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ ማን አስቀድሞ ይከፍላል የሚለው ነው። ስብሰባው ሰኞ ከሆነ የጉዞው ቀን እሑድ ነው፤ እሑድ የሒሳብ ክፍል ዝግ ነው። ስለዚህ የቅድሚያ ክፍያው ዓርብ ከቀትር በፊት መጠየቅ፣ መፈረም፣ መውጣት አለበት። ጥሪው ዓርብ ከሰዓት በኋላ በስልክ ከመጣ አለቀ፤ ሠራተኛው ከጎረቤት ወይም ከወንድሙ ተበድሮ ይሄዳል፤ ሲመለስ በደረሰኝ ያወራርዳል። የወራት ደመወዝ ያጠራቀመ ነባር ሠራተኛ ይህን ሊችለው ይችላል። ገና ቤት ተከራይቶ የቅድሚያ ኪራይ የከፈለ ጀማሪ ግን መሥሪያ ቤቱን በብድር ገንዘብ እያገለገለ ነው።

ጀማሪው «ገንዘብ ስጡኝ» ለማለት የሚያፍርበትም ምክንያት አለው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊደርስ ይችላል፤ በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ከ45 ቀን አይበልጥም ነበር። በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛ ለሥራው ተስማሚ አይደለም ከተባለ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሣ ይሰናበታል። ቋሚው ሠራተኛ በመዘግየት ምክንያት ያለ ማስጠንቀቂያ እንዲሰናበት በጽሑፍ እየተነገረው በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ማርፈድ አለበት። የሙከራው ሠራተኛ ይህን የመሰለ መከታ የለውም። አንዷ ማርፈድ በቂ ሆና ልትቆጠርበት ትችላለች። ገንዘቡን ባይጠይቅ ይራባል፤ ቢጠይቅ «ከመጀመሩ አበል አለ» እንዳይባል ይፈራል። መፍራት ግን አልነበረበትም፤ የጉዞ ትእዛዝና ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ የሥራው አካል ነው።

የጉዞ ትእዛዙ በጽሑፍ መሆኑ ለገንዘቡ ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። በዚሁ አዋጅ ሠራተኛ የአሠሪውን ትእዛዝ ሲፈጽም የሚደርስበት ጉዳት፣ ከሥራ ቦታውና ከመደበኛው የሥራ ሰዓት ውጭም ቢሆን፣ በሥራ ላይ እንደ ደረሰ አደጋ ይቆጠራል። እሑድ ቀን አባይ በረሃ ላይ ያለ ሠራተኛ ሥራ ላይ መሆኑን የሚመሰክርለት ያቺ ማኅተም ያረፈባት ወረቀት ናት። በስልክ ብቻ «ና» የተባለ ሰው ምን ያሳያል?

ሌላው ወጥመድ ሰዓቱ ነው። ጥሪው ከውጭ ለጋሾች ጋር ከሚሠራ ድርጅት ከመጣ «8፡30» ተብሎ ይጻፋል፤ በእኛ ጧት 2፡30 መሆኑ ነው። ይህንን በእኛው አቆጣጠር ያነበበ ሰው ከቀትር በኋላ መስሎት ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ይደርሳል። ቀኑም እንዲሁ ነው። መስከረም 1 ብዙውን ጊዜ ከሴፕቴምበር 11 ጋር ሲገጥም፣ ጳጉሜ ስድስት ቀን በሆነች ማግሥት ግን ከሴፕቴምበር 12 ጋር ይገጥማል። በ2016 ዓ.ም. መግቢያ የሆነው ይኸው ነው፤ በ2020 መግቢያም ይደገማል። በእንደዚህ ያለው ዓመት እስከ የካቲት 21 ድረስ በልማድ የሚያሰላ ሰው በአንድ ቀን ይስታል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ደውሎ «ሰኞ ነው ማክሰኞ? ጧት ነው ከሰዓት?» ብሎ መጠየቅ።

መደወሉስ መቼ ነው የሚቻለው? ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. አንሥቶ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በኢሜይል የተላከ ጥሪ ደብረ ማርቆስ የማይደርስበት ጊዜ ነበር ማለት ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የታወጀው አስቸኳይ ጊዜ ለአሥር ወር ያህል ሲቆይ መንገዱ ይዘጋ፣ ይከፈት ነበር። በሰኔ 2016 መጨረሻ ደግሞ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ አዲስ አበባ ይጓዙ የነበሩ ተማሪዎች ገርበ ጉራቻ አካባቢ ታግተዋል፤ ከደብረ ማርቆስ የሚመጣው ሠራተኛም የሚያልፈው በዚያው መንገድ ነው። የዋዜማው ቀን እንኳ የማይበቃበት፣ መንገዱን ጠይቆ ሁለት ቀን ቀድሞ መነሣት ወይም ጨርሶ መቅረት የሚሻልበት ጊዜ እንዳለ ከዚህ ወዲያ ማስረጃ አያስፈልግም። እንዲህ ባለው ቀን ስብሰባ የጠራ ኃላፊ ቀሪውን «ለምን ቀረህ» ከማለቱ በፊት ካርታውን ቢያይ ደግ ነበር።

መንገዱ ሰላም ሆኖ ተጓዡ በሱሉልታ አድርጎ አዲሱ ገበያ ሲደርስም ጉዞው አላለቀም። ዘመድ ያለው ዘመድ ቤት ያርፋል፤ የአልጋው ገንዘብም ይተርፈዋል። ለዘመድ ትንሽ ቅቤ ወይም ማር መያዝ አይቀርም፤ ያም ወጪ ነው። ዳሩ ግን ዘመዱ የሚኖረው አያት ወይም ጀሞ፣ ስብሰባው ብዙዎቹ ባንኮች በሚገኙበት ሰንጋ ተራ ከሆነ፣ ሰኞ ጧት የሚጠብቀው የታክሲ ሰልፍ 300 ኪሎ ሜትሩን ያስረሳዋል። ለአዲስ ሰው ውድም ቢሆን ለስብሰባው ቦታ በእግር የሚቀርብ አልጋ ይሻለዋል፤ ቢያንስ ለመጀመሪያው ሌሊት። ሁለተኛውን ዘመድ ቤት ቢያሳልፈው ማንም አይጠብቀውም።

መሥሪያ ቤቶቹ ምን ማድረግ ይችላሉ? ስብሰባውን ከ2፡30 ወደ 5 ሰዓት መግፋት ለደብረ ማርቆሱ ሰው ምንም አይፈይድለትም፤ ያው ዋዜማውን ያድራል። ቀን 9 ሰዓት ቢደረግ ግን በዕለቱ ንጋት ተነሥቶ ይደርሳል፤ አንድ ሌሊት ይቀንሳል። ከሰኞ ይልቅ ረቡዕ ቢሆን የሒሳብ ክፍሉ በዋዜማው ክፍት ነው። ከምሥራቅ ጎጃም አምስት ሰው የሚጠራ ድርጅት ደግሞ አምስቱን ከማምጣት አንዱን ኃላፊ ወደ ደብረ ማርቆስ ቢልክ ከአሥር አልጋ ስምንቱን ያተርፋል። ይህን ለማስላት የሒሳብ ሊቅ መሆን አያሻም።

ተጓዡ ረቡዕ ጧት ደብረ ማርቆስ ቢሮው ሲገባ ደግሞ የሚጠብቀው ማወራረዱ ነው። የአውቶቡስ ትኬቱን፣ የአልጋውን ደረሰኝ፣ የስብሰባውን ጥሪ አያይዞ ያቀርባል። ለታክሲ የከፈለው ደረሰኝ የለውም፤ ዘመድ ቤት ያደረበትም ሌሊት የለውም። ገንዘብ ያዡ ሲመልስለት የሚሰማው ቃል ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ማኅተም የሌለው አይያዝም።»