አንድ ሸክም እንጨት ውስጥ ስንት ሊትር ውሃ አለ?

ደብረ ብርሃን ያለችው አክስቴ እንጨት የምትገዛው በጆሮዋ ነው። ሁለት ፍልጥ አንሥታ ታጋጫለች። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ዋጋ መከራከር ትጀምራለች፤ እንደ እርጥብ ጭቃ "ድም" ካለ ግን ፍልጡን መልሳ ወደሚቀጥለው ሻጭ ትሄዳለች። "እቴቴ፣ ምን አጠፋ?" ብላት፣ "ውሃ በብር አልገዛም" አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ቤት ገብቼ እርሳስ ስይዝ ግን ሴትዮዋ ሒሳብ እየሠራች እንደነበር ገባኝ።

አዲስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ የክብደቱ ግማሽ ያህል ውሃ ነው። 10 ኪሎ እርጥብ ማገዶ ተሸክሞ የገባ ሰው 5 ኪሎ እንጨትና 5 ሊትር ውሃ ገዝቷል ማለት ነው። ይህ ውሃ ተንኖ ካልወጣ እንጨቱ በደንብ አይነድም፤ የሚያተነው ደግሞ ያው እንጨቱ ነው። አንድ ሊትር ውሃ ለሻይ ማፍላት ቀላል ነው። ድስቱ ደርቆ እስኪቀር ማትነን ግን ለማፍላቱ ከፈጀው ሙቀት ከሰባት እጥፍ በላይ ይበላል።

የሙቀት መለኪያው ሜጋ ጁል ይባላል። ፈጽሞ የደረቀ አንድ ኪሎ እንጨት 18 ሜጋ ጁል ገደማ ይሰጣል። ከእርጥቡ ሸክም ውስጥ ያለው 5 ኪሎ እንጨት 90 ይሰጥና፣ 13 ያህሉን ውሃው ወስዶት 77 ይተርፋል። በደንብ የሰነበተ፣ እርጥበቱ ወደ 20 በመቶ የወረደ 10 ኪሎ እንጨት ግን ወደ 140 ይጠጋል። በኪሎ ለሚገዛ ሰው ልዩነቱ እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው።

በሸክም ለሚገዛ ሰው ሒሳቡ ይለያል። ሸክሙ ቢደርቅም ባይደርቅም ውስጡ ያለው እንጨት ያው ነው፤ ውሃው በቀጥታ የሚወስደውም ሰባት እጅ ከሆነ አንዱን እጅ ብቻ ነው። ታዲያ አክስቴ ምን አስቆጣት? ጭሱ። እንጨት ሲሞቅ መጀመሪያ ጋዝ ይወጣዋል፤ ነበልባል የምንለው የዚያን ጋዝ መቃጠል ነው። ውሃው እሳቱን ሲያቀዘቅዘው ጋዙ ሳይነድ ሾልኮ ይወጣል። ዓይናችንን የሚያስለቅሰንና ግድግዳውን የሚያጠቁረው ጭስ፣ ከፍለንበት ሳይነድ ያመለጠ ማገዶ ነው።

ደረቁም ቢሆን ሦስት ጉልቻ ላይ ሲነድ ድስቱ የሚደርሰው ሙቀት ከመቶ 10 እስከ 15 ቢሆን ነው። የቀረው በጎን፣ በላይ፣ በጉልቻው መሀል ይሄዳል። ምርጥ ምድጃ የተሠራው ለዚህ ነው፤ በሲሚንቶና በቀላል ድንጋይ እሳቱን አጥሮ ምጣዱ ሥር ያቆየዋል፣ የሚወጣውን ትኩስ ጭስም ከኋላ ድስት ያስጥድበታል። እንጀራ ሲጋገር እስከ ግማሽ ማገዶ ያድናል ይባልለታል።

እዚህ ላይ ግን ከምድጃ አስተዋዋቂዎች ጋር ትንሽ እለያያለሁ። ድስቱ ያልደረሰው ሙቀት ሁሉ ባክኗል? አፋር ላይ አዎን፤ ባክኖም ሰው ያቃጥላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ደብረ ብርሃን ላይ፣ በአንድ ክፍል የሣር ቤት ውስጥ ግን ያ "የባከነ" እሳት ልጆቹን ያሞቃል፣ ያበራል፣ ጭሱም ከክዳኑ ነፍሳት ያባርራል። ምድጃው እሳቱን ሲያጥርባቸው ቤቱ ቀዘቀዘ የሚሉ ሰዎች ሰነፍ አይደሉም፤ አንድ እሳት ሲሠራላቸው የነበረውን አራት ሥራ ቆጥረውት ነው። ዕዳው ጭሱ ነው፤ እሱን የሚከፍሉት እናቲቱና ሕፃናቱ በሳንባቸው ናቸው። ቆርቆሮ ክዳን ያለው ቤት ደግሞ ሙቀቱንም አይዝም፤ በሣር ክዳን ሥር የሚቆየው ሙቀት በቆርቆሮ በኩል ወዲያው ሰማይ ይገባል። ኮርኒስ የሌለውን ቆርቆሮ ቤት በእንጨት ማሞቅ በወንፊት ውሃ መቅዳት ነው።

ከሰልስ? ጭሱ ጥቂት ስለሆነ ንጹሕ ይመስላል፤ ዋጋው የተከፈለው ግን ሩቅ ቦታ ነው። በባህላዊው የአፈር ክምር 100 ኪሎ እንጨት ከ10 እስከ 20 ኪሎ ከሰል ይሰጣል። የከሰሉ አንድ ኪሎ ከእንጨቱ እጥፍ ገደማ ሙቀት ቢይዝም፣ ከዛፉ ሙቀት ሁለት ሦስተኛው ጫካው ውስጥ ጭስ ሆኖ ቀርቷል። በሸክላ የተለበጠችው ላቀች ምድጃ ከቆርቆሮ ማንደጃ ትሻላለች፣ የጠፋውን ግን አትመልስም። አንድ ነገር ደግሞ ጮክ ብዬ ልናገር፦ ፍሙ ቀላ ማለት መርዙ አለቀ ማለት አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ማንደጃ ይዞ በር ዘግቶ መተኛት ሰው ይገድላል።

ኩበት ነጻ ነው የሚል ካለ እርሻውን ይጠይቅ፤ ማዳበሪያው ነው የነደደው።

መብራት ይሻላል ወይ ለሚል፣ በየቤቱ የሚሠራ ሒሳብ ልስጥ። 10 ኪሎ ደረቅ እንጨት በሦስት ጉልቻ ለድስት የሚሰጠውን ሙቀት በኤሌክትሪክ ምድጃ ለማግኘት ከ6 እስከ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃል። የሠፈራችሁን የእንጨት ዋጋና የመብራት ቢላችሁን ጎን ለጎን አስቀምጡ፤ የትኛው እንደሚያዋጣ በአንድ ደቂቃ ይታያል። ለመልቀምና ለመሸከም የጠፋውን ቀን ግን አትርሱ፤ ብዙ ጊዜ ሴቶች ስለሚሸከሙት ማንም አይቆጥረውም።

አክስቴ የመብራት ምጣድ አላት፣ መብራት ሲኖር ትጋግርበታለች። ማታ ግን እንጨት ታነዳለች፤ "ምጣዱ ቤት አያሞቅልኝም" ትላለች። ክረምቱ እንደወጣ የገዛችውን ግንድ ታስፈልጠዋለች፤ ውሃው በብዛት የሚወጣው በተቆረጠው ጫፍና በተፈለጠው ጎን ነው፣ ልጡ ያግደዋል። ከዚያ ከመሬት በድንጋይ ከፍ አድርጋ፣ ነፋስ እንዲያልፍበት አራርቃ፣ ላዩን ብቻ በቆርቆሮ ሸፍና ትደረድረዋለች። ጎኑንም በላስቲክ ልሸፍንልሽ ብላት ላስቲኩን ከእጄ ቀማችኝ።