ዓሣውን ለወንዙ ስንመልስ

የክበባችን ልጆች በኬንያ ተራራ ግርጌ ባሉ ወንዞች ትራውት እየያዙ እንደሚለቁ የሰሙ ወላጆች «ለመልቀቅ ከሆነ ለምን ተያዘ?» ብለው ይጠይቁናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ትራውት የሳልሞን ዘመድ ሲሆን ቀዝቃዛና ንጹሕ ውኃ ይፈልጋል። ለኬንያ እንግዳ ነው፤ እንቁላሉ ከስኮትላንድ መጥቶ እ.ኤ.አ. በ1905 በአበርዴር ተራሮች በሚገኘው ጉራ ወንዝ ተጨመረ። (ጉራ የወንዙ ስም ነው፤ አጥማጆች የሚነዙት ሌላ ነው።) የባሌ ተራሮች ወንዞቻችንም ትራውት የገባባቸው ከኬንያ ነው። ወንዞቹ ትንንሽ ስለሆኑ፣ የተያዘው ሁሉ ቢበላ ለሚቀጥለው አጥማጅ አይተርፍም።

ይሁን እንጂ የተለቀቀ ሁሉ ይድናል ማለት አይደለም። መንጠቆ ላይ የታገለ ዓሣ ውድድር እንደጨረሰ ሯጭ ነው፤ ጡንቻው ዝሏል፣ ኦክስጅን አጥሮታል። እኛ ደግሞ ልክ በዚያች ሰዓት ከውኃ አውጥተን ፎቶ እናነሳዋለን! ሯጩን መጨረሻው መስመር ላይ አፍኖ እንደመያዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 በካናዳ የታተመ ጥናት ይህንን በቁጥር አሳይቷል። እስኪደክሙ ከተሯሯጡት ትራውቶች መካከል ከውኃ ካልወጡት 12 በመቶ፣ አየር ላይ 30 ሰከንድ ከቆዩት 38 በመቶ፣ 60 ሰከንድ ከቆዩት ደግሞ 72 በመቶ የሚሆኑት በ12 ሰዓታት ውስጥ ሞተዋል። ዋኝቶ ሲሄድ ያየነው ዓሣ እኛ ቤት ሳንደርስ ሊሞት ይችላል።

ስለዚህ ክር ስንመርጥ ጠንከር ያለውን እንመርጣለን፤ ቀጭን ክር ትግሉን ያራዝማል። ከመንጠቆው ጫፍ ወደ ኋላ የዞረችውን ትንሽ ጥርስ ቀድመን በፒንሳ እንደፈጥጣለን፤ ያኔ መንጠቆው በቀላሉ ይወጣል። መረቡ ቋጠሮ የሌለው ወይም የላስቲክ ቢሆን ይመረጣል። እጃችንን ሳናረጥብ ዓሣውን አንነካም፤ ደረቅ እጅ ከበሽታ የሚከላከልለትን አዳላጭ ሽፋን ይልጠዋል። ሆዱን አንጨምቅም፣ በሚተነፍስበት ስንጥብ ውስጥም ጣት አናስገባም። መንጠቆው ጉሮሮው ድረስ ከገባ መጎተት ይገድለዋል፤ ክሩን አጠገቡ ቆርጦ መተው ይሻላል። ስንጥቡ ክፉኛ የሚደማ ከሆነና የአካባቢው ደንብ ከፈቀደ ግን፣ በእኛ አስተያየት፣ ጭንቅላቱን አንድ ጊዜ በኃይል መትቶ ለምሳ ማዋል ይቅርታ የሚያሻው ነገር አይደለም።

ስንለቀው አንወረውረውም። ረጋ ባለ ውኃ ውስጥ አፉን ወደ ላይኛው ወንዝ አዙረን እንደግፈዋለን፤ ውኃው በአፉ ገብቶ በስንጥቡ ይወጣል። ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚያወዛውዙት አሉ፤ አይጠቅመውም። ጅራቱን በራሱ ኃይል አራግቦ ከእጃችን እስኪወጣ እንጠብቃለን።

አንዳንድ ቀን ደግሞ ጨርሶ አናጠምድም። የውኃው ሙቀት ወደ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ከተጠጋ በውስጡ ያለው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ በጥንቃቄ የተለቀቀውም ላይተርፍ ይችላል። ቴርሞሜትሩን ከመንጠቆው በፊት ወንዙ ውስጥ የምንነክረው ለዚህ ነው።