አልማዝ ባለጭራ ያለፈበት ቆዳ

አልማዝ ባለጭራ ድንበር ያውቃል። ከጀርባ ተነስቶ በጎድን በኩል ወደ ደረት የሚዞረው የውሃ ቋጠሮ አንዱን የነርቭ መስመር ተከትሎ በአንድ ወገን ብቻ ይወጣል፤ የሰውነትን መሃል እምብዛም አይሻገርም። ከዚያ ይፈርጣል፣ ቅርፊት ይይዛል፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይደርቃል። ሕመሙ ካልቀጠለ በቀር ታማሚው ይረሳዋል።

ያ ቦታ ግን እንደ ቀድሞው ላይሆን ይችላል። አንዳንድ ሰው ላይ ከሳምንታት ወይም ከዓመታት በኋላ እዚያው ላይ ሌላ በሽታ ይወጣል፦ ቀለበት ሠርተው የሚደረደሩ ጠጠር ያሉ እብጠቶች፣ የሚያሳክክ ሐምራዊ ሽፍታ፣ ሲከፋም ከጡት የተዛመተ ካንሰር። ከቀድሞው በሽታ ጋር የሚያዛምዳቸው ቦታው ብቻ ነው። «ያው አልማዝ ባለጭራ ተመለሰብኝ» ብሎ ዝም ማለት አደገኛ የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ ምንነቱ የሚለየው ከቆዳው ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ነው።

ብሪታኒያዊው ሐኪም ሮጀር ዋይበርን-ሜሰን በእንዲህ ያለ ቦታ ላይ ስለታዩ ካንሰሮች እ.ኤ.አ. በ1955 ጽፎ ነበር። በዳነ ቦታ ላይ ሌላ በሽታ ለመውጣቱ «አይሶቶፒክ ሪስፖንስ» የሚለውን ስም ያወጡለት ግን እስራኤላዊው የቆዳ ሐኪም ሮኒ ዎልፍና ባልደረቦቹ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1995።

ይህ ግን ጀርመናዊው ሐኪም ሃይንሪሽ ኮብነር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ካስተዋለው ጋር መምታታት የለበትም። የኮብነር ታማሚ ሶራያሲስ የተባለው የቆዳ በሽታ ነበረበት፤ ፈረስ የነከሰውና ንቅሳት ያረፈበት ቆዳው ላይም ያው ሶራያሲስ ወጣበት። እዚያ ነባሩ በሽታ አዲስ ቁስል ላይ ይወጣል፤ እዚህ አዲስ በሽታ የዳነ ቦታ ላይ።

ይበልጥ የሚያስደንቀው ግልባጩ ነው። አንዳንድ ጊዜ መላ አካልን የሸፈነ ሽፍታ፣ አልማዝ ባለጭራ ያለፈበትን ሰቅ ብቻ ሳይነካ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ ውስጥ የወጣ አንድ ዘገባ፣ የቆዳ ሊምፎማ ያለበት ታማሚ ላይ ካንሰሩ ያንን ሰቅ ለይቶ መተዉን ገልጿል።

ብዙዎቹ ተመራማሪዎች ምክንያቱን ከነርቭ ጋር ያያይዙታል። አልማዝ ባለጭራን የሚያመጣው ቫይረስ የቆዳውን የነርቭ ጫፎች ይጎዳል። ጫፎቹ ደግሞ እንደ ሰብስታንስ ፒ ያሉ ኬሚካሎችን እያመነጩ በአካባቢው ያሉትን የመከላከያ ሕዋሳት ያነቃቃሉ ወይም ያረጋጋሉ። ይህ ቁጥጥር ሲዛባ መከላከያው አንድ ቦታ ላይ ከልክ በላይ ይቆጣል፣ ሌላ ቦታ ላይ ይደክማል። ሊምፎማው ላይ የታየውም በዚሁ መንገድ ሊታሰብ ይችላል፦ የካንሰሩ ሕዋሳት ቆዳው ውስጥ ለመስፈር የሚሹት ምልክት ከዚያ ሰቅ ጠፍቶ ይሆናል።