«ጀበርቲ» የሚለው ስምና የቤተሰባችን ሐረግ

 

የዛሬው ዝግጅታችን ከብዙ ቤት ስለሚነሳ አንድ ጥያቄ ነው፤ «ስማችን አንድ ከሆነ ዘመዳሞች ነን ማለት ነው?» የሚል።

ጥያቄው በተለይ ወንድሞችና እህቶች ወደ ሳዑዲ፣ ወደ ኢማራት፣ ወደ አውሮፓና አሜሪካ ከሄዱ ወዲህ በርትቷል። እኛ አገር ሰው የሚጠራው በስሙ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ነው። ባሕር ማዶ ግን ሦስተኛውን ስም «የቤተሰብ ስም» ብለው ይመዘግቡታል። አሕመድ ሙሐመድ ሰዒድ የሚባል አባት እዚያ «ሰዒድ» ይሆናል፤ ልጁ ፋጡማ አሕመድ ሙሐመድ ደግሞ «ሙሐመድ» ትባላለች። አባትና ልጅ በወረቀት ላይ ባዕድ ሆኑ! በአንጻሩ በዚያው ከተማ ያለ ምንም የማይዛመዳቸው ሌላ «ሰዒድ» የአባትየው ቤተሰብ ይመስላል። ስለዚህ ስም ስለ ዝምድና የሚነግረንንና የማይነግረንን ለይተን ማወቅ አለብን።

የአባት ስምና የአገር ስም

የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሙአዚን የነበሩት ቢላል (ረ.ዐ) በሁለት መንገድ ይጠራሉ። «ኢብን ረባሕ» ሲባሉ የአባታቸው ስም ነው፤ «አል-ሐበሺ» ሲባሉ ደግሞ የዘራቸው አገር ነው። የመጀመሪያው ነሰብ፣ ሁለተኛው ኒስባ ይባላል። ነሰብ የደም ሐረግ ነው። ኒስባ ግን ከአገር፣ ከጎሣ፣ ከሙያ ወይም ከመዝሀብ ሊመጣ ይችላል። በእኛም ዘንድ «የሾንኬው ሸይኽ ጀውሐር ቢን ሐይደር» ስንል ሐይደር አባት፣ ሾንኬ ቦታ ነው።

«ጀበርቲ» የሚለውም ስም ኒስባ ነው። ጀበርት በዘይላዕ በኩል ባለው የሐበሻ ምድር የነበረ የሙስሊሞች አገር ሲሆን፣ የጥንት ዐረብ ጸሐፊዎች ከይፋት ጋር ያገናኙታል። ኋላ ስሙ ሰፍቶ የሐበሻ ደጋ ሙስሊሞች ሁሉ ይጠሩበት ጀመር። ዛሬ በትግራይና በኤርትራ ትግርኛ ተናጋሪ የሆኑ ሙስሊሞች ይታወቁበታል።

ከጀበርት እስከ ካይሮ

በዚህ ስም ከተጠሩት ቤተሰቦች በዓለም ዘንድ ይበልጥ የታወቀው የካይሮው ነው። በ10ኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ዐብዱረሕማን የሚባሉ ዓሊም ከጀበርት ተነስተው ባሕር ተሻገሩ። በመካና በመዲና ቆይተው ወደ ግብፅ ዘለቁ፤ ማረፊያቸውም አል-አዝሀር ሆነ። አል-አዝሀር ከየአገሩ ለሚመጡ ደረሶች «ሪዋቅ» የሚባል ማደሪያ ነበረው። በዚያ ደረሳው ይተኛል፣ ይቀራል፣ የዕለት ዳቦውንም ያገኛል። ከሐበሻ ለሚመጡት «ሪዋቀል ጀበርት» ነበራቸው። ሸይኽ ዐብዱረሕማን የዚህ ሪዋቅ ኃላፊ ሆኑ፤ ኃላፊነቱም በልጅ ልጆቻቸው እጅ ቆየ።

ከዚሁ ቤት ሸይኽ ሐሰን አል-ጀበርቲ ወጡ። እኚህ ሰው ከፊቅህ ሌላ በሒሳብና በፈለክ ዕውቀት የተመሰከረላቸው፣ የሶላት ወቅት የሚለይባቸውን የፀሐይ ሰዓቶች የሠሩ ነበሩ። በ1188 ሂጅሪ (እ.ኤ.አ. በ1774) አኼራ ሄዱ። ከአርባ በላይ ልጆች ወልደው፣ አንዱ ብቻ ሲቀር ሁሉም በልጅነታቸው ሞቱባቸው። የተረፈው ልጅ እ.ኤ.አ. በ1753 የተወለዱት ታሪክ ጸሐፊው ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ ናቸው።

የፈረንሳይ ጦር እ.ኤ.አ. በ1798 ግብፅን ሲወር በዓይናቸው ያዩትን ጽፈዋል። «ዐጃኢብ አል-አሣር» የተባለው ትልቁ መጽሐፋቸው ከ1100 እስከ 1236 ሂጅሪ ያለውን የግብፅ ታሪክ ይዟል። ገዥውን ሙሐመድ ዐሊን ስለተቹ መጽሐፉ በሕይወታቸው ሳለ አልታተመም። እሳቸው እ.ኤ.አ. በ1825 አረፉ፤ መጽሐፉ ቡላቅ በሚገኘው ማተሚያ ቤት ሙሉውን የታተመው እ.ኤ.አ. በ1879/80 ነው።

በዚህ መጽሐፍ የአባታቸውን ሞት ሲዘግቡ የቤታቸውን ሐረግ አብረው አስፍረዋል፤ ዐብዱረሕማን፣ ሐሰን፣ ኢብራሂም፣ ሐሰን፣ ዐሊ፣ ሙሐመድ፣ ዐብዱረሕማን። ሰባት ስም ነው፤ መጨረሻው ከጀበርት የመጡት አያት ናቸው። ከዘራቸው የመጣ ልጅ ስማቸውን ይዞ ታሪካቸውን ጻፈላቸው! አርባ ወንድምና እህት ያለፈበት ይህ ሰው ብዕር ባያነሳ ኖሮ፣ የዚያን ደረሳ ጉዞ ዛሬ ማን ይነግረን ነበር?

ስሙ አንድ፣ ቤቱ ሌላ

ይሁንና «ጀበርቲ» የተባለ ሁሉ የዚህ ቤት ልጅ አይደለም። በየመን ዘቢድ ከተማ የታወቁትና በ806 ሂጅሪ የሞቱት ሸይኽ ኢስማዒል አል-ጀበርቲ፣ ቤተሰቡ ካይሮ ከመግባቱ በፊት የኖሩ ናቸው።

ሌላም ምሳሌ አለ። በካይሮ ሁለት ታላላቅ የሐነፊ ዑለሞች «ዘይለዒ» ተብለው ይጠራሉ። አንደኛው የ«ተብዪን አል-ሐቃኢቅ» ጸሐፊ ዑስማን ኢብን ዐሊ (743 ሂጅሪ የሞቱ)፣ ሁለተኛው የ«ነስብ አር-ራያህ» ጸሐፊ ዐብዱላህ ኢብን ዩሱፍ (762 ሂጅሪ የሞቱ) ናቸው። ብዙ ሰው አንድ እያደረገ ያምታታቸዋል። የነበራቸው ግንኙነት ግን የመምህርና የተማሪ ነበር። የሚለያቸውም የአባታቸው ስም ነው።

ሸሪዓ ስለ ነሰብ ምን ይላል?

ዘይድ ኢብን ሓሪሣ (ረ.ዐ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስላሳደጉት «የሙሐመድ ልጅ» ይባል ነበር። በሱረቱል አሕዛብ 5ኛው አንቀጽ ሰዎች በአባቶቻቸው ስም እንዲጠሩ ሲታዘዝ፣ ዘይድም ወደ አባቱ ስም ተመለሰ። የቲም ማሳደግ ታላቅ አጅር አለው፤ የልጁን ሐረግ መሰረዝ ግን አልተፈቀደም። እያወቁ ወደ ሌላ አባት መጠጋትም በሐዲስ በብርቱ ተወግዟል።

ዘርን ማወቅ የታዘዝነው ዝምድናን ለመቀጠል ነው፤ ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ ይህ ተነግሯል። ለኩራት አይደለም! ሱረቱል ሑጁራት 13ኛው አንቀጽ ጎሣና ነገድ የተደረግነው እንድንተዋወቅ መሆኑን፣ ብልጫው ግን በተቅዋ መሆኑን ያስተምረናል።

ጥቅሙ በኒካሕና በውርስም ይታያል። አንድ ጡት የጠቡ ልጆች እንደ እህትና ወንድም ናቸው፤ አይጋቡም። ጎረቤት ለጎረቤት ልጅ ጡት ትሰጣለች፤ ሃያ ዓመት አልፎ እናቶቹ ሲሞቱ የሚያስታውስ ይጠፋል። በውርስም ወራሽ ማን እንደሆነ ካልታወቀ የየቲም ሐቅ ይበላል። ሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚጠይቀው የወላጆችን ስምና ምስክር ነው፤ «ስማችን አንድ ነው» ማለት ማስረጃ አይሆንም።

በቤታችን ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ዛሬ በሕይወት ያሉትን ሽማግሌዎች እንጠይቅ። ሐረጉ ያለው በልባቸው ነው፤ ሲሞቱ አብሮ ይቀበራል።

ሁለተኛ፣ በአንድ ደብተር እንጻፍ። የወንዶቹ ብቻ ሳይሆን የእናቶችና የአያቶች ስም ከነአባታቸው፣ የተወለዱበት ቦታ፣ የተነሱበት ቀዬ ይጻፍ። የቦታ ስም ከሆነ «ቦታ»፣ የቅጽል ስም ከሆነ «ቅጽል» ተብሎ ይለይ።

ሦስተኛ፣ ጡት የተጠባቡ ልጆች ስም ከነእናቶቹ ይመዝገብ። ስንት ጊዜ ጡት ቢጠባ ዝምድና ይጸናል የሚለውን ዓሊም መጠየቅ ነው፤ መዝሀቦች ይለያያሉ።

አራተኛ፣ ውጭ ያሉ ልጆቻችን በፓስፖርታቸው ላይ የሰፈረው ስም ከቤቱ ስም ጋር ጎን ለጎን ይጻፍ። በስም መለያየት ምክንያት ነገ የአጎት ልጆች ሳይተዋወቁ በአንድ መንገድ እንዳይተላለፉ።

አምስተኛ፣ የማናውቀውን ክፍት እንተወው። ክብር ለመጨመር የታላቅ ሰው ስም መሰካት ውሸት ነው።

ወንድሞችና እህቶች! ከጀበርት የተነሱት ደረሳ ለልጆቻቸው ያወረሱት ዒልምን ነው፤ ስማቸው የቀረው ደግሞ የጻፈ ልጅ ስለተገኘ ነው። በየቤታችን አያት ሳይሞት የሚጠይቅና የሚጽፍ ልጅ አላህ ያብዛልን። ዝምድናቸውን ከሚቀጥሉት ያድርገን። አሚን!